ገና ፋርማሲስት ላልሆነችው ለሶሪም

ሳሪጎል፣ የዝንጀሮ ዓመት፣ መጋቢት 19 ቀን

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የመንደራችን ሊቀመንበር የጉክ ጆንግፒል ነው። ቃሉ ግን የእኔ፣ የአያትሽ የታክ ፓንሶክ ነው። ከራሱ ማሳመሪያ እንዳይጨምርበት አስጠንቅቄዋለሁ። «አባባ፣ ደብዳቤ እኮ በሰላምታ ነው የሚጀመረው» ይለኛል። እሺ፣ ለእሱ ስል፦ ሶሪም ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ጥርሴ ግን ገና ጥሬ በቆሎ ይቆረጥማል። በቃ፣ ሰላምታው አለቀ።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። «ተቆጥተውኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አልተቆጣሁም። ግራ ገብቶኛል። ስቆጣማ ታውቂኛለሽ፤ ስቆጣ ደብዳቤ አላጽፍም፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ።

እስቲ የገባኝን ልናገር፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባሽ። ኬሚስትሪ ነው አልሽኝ። «ፋርማሲ ለመግባት መጀመሪያ ሌላ ነገር ሁለት ዓመት መማር ግዴታ ነው» አልሽኝ። እሺ። ሁለት ዓመት ተማርሽ። አሁን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ጠይቀሽ ወጥተሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት፣ ከሴኡል በታች ተራራ ሥር ያለ አዳሪ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ገብተሽ፣ ያንኑ ኬሚስትሪ እንደ አዲስ ትማሪያለሽ። ነሐሴ ላይ ትፈተኛለሽ። ካለፍሽ ፋርማሲን ከአንድ ጀምረሽ አራት ዓመት ትማሪያለሽ። ካላለፍሽ እንደገና ተራራ ሥር። ታዲያ እስከ ዛሬ የነበርሽበት ቤት ስሙ ምንድን ነው? እኔ ዩኒቨርሲቲ መስሎኝ ነበር።

ስልክሽንም በር ላይ ተቀብለው ካዝና ውስጥ ቆልፈውታል አሉ። ሰማንያ አንድ ዓመት ስኖር፣ ሊማር የገባን ሰው እንደ እስረኛ ፈትሸው ሲያስገቡት የሰማሁት አሁን ነው። ደብዳቤ መፍቀዳቸው ደግ ነው። በዕድሜዬ ለማንም ደብዳቤ አጽፌ አላውቅም። አባትሽን እንኳን ደቡብ ወርዶ መርከብ ሲበይድ ይህን ሁሉ ዓመት በስልክ ነው የምሰድበው።

ጆንግፒል ሊያስረዳኝ ሞከረ። «አባባ፣ የበርበሬ ችግኝ በየካቲት በላስቲክ ቤት ይፈላል አይደል? ግንቦት ላይ ነው ወደ ማሳ የሚወጣው። ልጅቷም መፍያው ላይ ናት» አለኝ። ይህ ገባኝ። ግን የእኔ በርበሬ መፍያው ላይ ፈተና ተፈትኖ አያውቅም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። ጆንግፒል ራሱ ያደረገው ስለሆነ እያፈረ ነው የሚጽፈው። በመንደሩ መግቢያ፣ በሁለቱ የመብራት ምሰሶዎች መካከል፣ ባነር ተሰቅሎልሻል። «የታክ ፓንሶክ የልጅ ልጅ ታክ ሶሪም ፋርማሲ ኮሌጅ በመግባቷ እንኳን ደስ ያለን፤ የሳሪጎል ነዋሪዎች» ይላል፣ እንዳነበቡልኝ። እኔ በመንደሩ አዳራሽ ውስጥ «ሶሪም ለፋርማሲ ገባች» ብቻ ነው ያልኩት። እሱ በማግስቱ ከተማ ወርዶ አሠርቶ መጣ። አምና የያንግ ልጅ ፖሊስ ሲሆን ተሰቅሎለት አልነበር? ማንበብ አልችልም፤ ዓይን ግን አለኝ። ያንቺው ከፖሊሱ በሁለት ክንድ ይረዝማል።

ምግብሽን ብዪ።

አያትሽ


ሳሪጎል፣ ግንቦት 8 ቀን

የጆንግፒል እጅ ነው። ችግኝ ሲተክል ውሎ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሉ ቢወላገድ ይቅርታ አድርጊለት።

ባነሩን አስወርዱልኝ ብለሻል። ያውም ሦስት ጊዜ። ለጆንግፒል ነገርኩት። «የተሰቀለ እንኳን ደስ ያላችሁ እንዴት ይወርዳል? ሰው ምን አገኛት ብሎ አይጠይቅም?» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው። ደግሞስ ነሐሴ ሩቅ አይደለም። አሁን አውርደን ታኅሣሥ ላይ መግባትሽ ሲታወቅ መልሰን ልንሰቅለው ነው? ይቆይ። ንፋሱም ለምዶታል።

አሁን ግራ ያጋባኝን ልጠይቅሽ። ፈተናው ላይ ስለ መድኃኒት አንድም ጥያቄ የለም ብለሽ ጽፈሻል። ጆንግፒልን ሁለቴ አስነበብኩት። ኬሚስትሪ አለ፣ ሌላም ኬሚስትሪ አለ፣ ፊዚክስ አለ፣ ባዮሎጂ አለ፤ መድኃኒት የለም። ኳስ ከግንብ ላይ ቢወረወር የት ይወድቃል ብለው ይጠይቁሻል። ለምን? ፋርማሲስት ኪኒን ይወረውራል እንዴ? ካርቦን አራት እጅ አለው ያልሽውንም ሰማሁ። ከሰል ነው አለኝ ጆንግፒል። ስልሳ ዓመት ከሰል አንድጃለሁ፣ እጅ አላየሁበትም። ካልሽ ግን ይኑረው።

ይህን ሁሉ ለመንደሩ ሰው ማስረዳት አልቻልኩም። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ባነሩን ነው። አዳራሽ በገባሁ ቁጥር የካርታ ጨዋታውን አቁመው ይጠይቁኛል። ትናንት እትዬ ቦንግ መጣች። ታውቂያታለሽ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ ልጅ ሆነሽ ሐብሐቧን ስትሰርቂ ዘንቢል ሰጥታሽ «በዚህ አርጊው፣ እንዳይከብድሽ» ያለችሽ።

«ጋሼ ፓንሶክ፣ ያቺን ፋርማሲስት ልጅ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ» አለችኝ።

«ጠይቂ» አልኳት።

«ጎንበስ ብዬ ስነሳ ምድር ትዞርብኛለች። ኪኒኑ በዝቶብኝ ይሆን?»

ከደረቷ ሥር የኪኒን እሽጎቿን አወጣች። ያው እንደኛው ነው፤ የየጠዋቱ አንድ ላይ በትንሽ ወረቀት ታሽጎ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ሪባን የሚንጠለጠለው። በየእሽጉ አራት ኪኒን አለ፤ ሁለት ነጭ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ ሮዝ።

ያንግ ከወዲያ ሆኖ «ተዪው እትዬ፣ የሚያዞርሽ የሩዝ ጠላው ነው» አላት።

«አንተ ዝም በል፣ ፖሊስ እንጂ ፋርማሲስት አልወለድክ» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ውሸት አልነግርሽም፣ ደረቴ ሰፋ።

እና ምን ልበላት? ቶሎ ጻፊልኝ። የጠየቀችኝ ሰው ሁሉ ፊት ነው።

አያትሽ


ሳሪጎል፣ ሰኔ 11 ቀን

የጆንግፒል እጅ ነው። መልስሽ ደርሶናል። እሱ እያነበበ እኔ ሰማሁ፣ ከዚያ አጣጥፌ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲህ በላክሽው ደግሞ «እትዬ ቦንግ ምን አለች?» ብለሽ ጠይቀሻል። ምን ትላለች። እሺ አለች። ደስ አላት። በማግስቱ ድንች ቀቅላ አመጣችልኝ። ስለ እሷ አታስቢ፣ አንቺ አጥኚ።

ስለ አቀማመጣችሁ የጻፍሽው አስገረመኝ። በየወሩ የሙከራ ፈተና እየፈተኗችሁ በውጤት ተራ ያስቀምጧችኋል፤ አንደኛው ከፊት፣ የመጨረሻው በሩ ጋ። መጋቢት ላይ በሩ ጋ ነበርሽ፣ አሁን ሦስተኛ ረድፍ ደርሰሻል። ጎሽ! ግን ከፊትሽ ያለችው ልጅ ስታለቅስ ጀርባዋን እያየሽ መማር ከባድ ነው ያልሽው፣ እሱ ከብዶኛል። እሷ ለምን ታለቅሳለች? ከፊት አይደለችም እንዴ? ከኋላ ያለው ያለቅሳል፣ ከፊት ያለው ያለቅሳል፣ ታዲያ የማያለቅሰው የትኛው ረድፍ ነው? ጆንግፒልን ጠየቅኩት፣ እሱም አያውቅም።

በቀን አራት ሰዓት ብቻ ነው የምተኛው ብለሻል። በአራት ሰዓት እንቅልፍ የኔ ቢጤ ሽማግሌ ይኖራል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አይበቃትም። ከትናንት ወዲያ የበላሁትን አላስታውስም አልሽ። ይህ ጥሩ አይደለም። ሩዝ ብዪ፤ ዳቦ ምግብ አይደለም።

«ባልገባስ?» ብለሽ በጥግ የጻፍሽውንም አነበበልኝ። መልሴ፦ ትገቢያለሽ። ሌላ መልስ የለኝም፣ አትጠይቂኝ። ይህ ፈተና ከጥቂት ዓመት በኋላ ይቀራል፣ ኮሌጆቹ ልጆቹን ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ሊወስዱ ነው ስትይም ሰምቻለሁ። እንግዲህ ያቺ መፍያ ከመፍረሷ በፊት ውጪ።

ጆንግፒል አሁን «አባባ፣ ስለ እትዬ ቦንግ ሌላ የሚጽፉት የለም?» አለኝ። የለም አልኩት። ወረቀቱ ሞልቷል።

አያትሽ


ሳሪጎል፣ ሐምሌ 17 ቀን

የጆንግፒል እጅ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ዝናብ ነበር። በርበሬው ላይ በሽታ ገብቶ መድኃኒት ስንረጭ ሰነበትን።

እትዬ ቦንግ ለምን ሰላምታ አልላከችም ብለሽ ጠይቀሻል። ከተማ ልጇ ዘንድ ሄዳለች። ልጇ በመኪና መጥቶ ወሰዳት። ሽማግሌ ሴት ልጇ ዘንድ ብትሄድ ምን ይገርማል?

ባነሩ ወርዷል። አንቺ ፈልገሽ አልነበር? ወርዷል። ማን አወረደው አትበዪ።

ጆንግፒል ብዕሩን አስቀምጦ ያየኛል። «ምን ታየኛለህ? ጻፍ» አልኩት። «ምን ልጻፍ አባባ?» አለኝ። «ደህና ነን በል» አልኩት።

ደህና ነን። አምስት ሳምንት ቀርቶሻል። ወደ ኋላ አትመልከቺ፣ ወደ ጎን አትመልከቺ። ለእኔም መጻፉን ተዪው፣ ጊዜሽን ይበላል።

አያትሽ


ሳሪጎል፣ ነሐሴ 8 ቀን

ይህን ብዕር የያዘው እጅ አሁንም የጆንግፒል ነው። ዛሬ ግን ቤቴ አይደለንም። አዳራሹ ውስጥ ነን፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፣ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ሥራ ፈቶ የሚያንሾካሹክ ካለ ይውጣ ብያለሁ። የወጣ የለም።

ደብዳቤሽ ከትናንት በስቲያ ደረሰ። የእትዬ ቦንግ ልጅ ትምህርት ቤታችሁ ቢሮ ደውሎ ጮኾብሻል። «እናቴን ኪኒንሽን በግማሽ ዋጪ ያልሽው አንቺ ነሽ ወይ?» ብሎሻል። ለእኔ እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ፦ «አያቴ፣ ግንቦት ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ አላስታውስም። አእምሮዬ ደክሟል። ግማሹን ትዋጥ ብዬ ጽፌ ይሆን? እውነቱን ይንገሩኝ። ጽፌ ከሆነ ለዚህ ሥራ አልሆንም፤ ልብሴን ሰብስቤአለሁ፣ ለፈተናው አልቀመጥም።»

ይህን ሁለት ቀን ሙሉ ሳሰላስል ቆየሁ። አንቺ አታስታውሺም። እኔ ማንበብ አልችልም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፣ ከጆንግፒል በስተቀር። እሱም ዝም ማለት ይችልበታል፣ ሁለት ወር አሳይቶኛል።

እንግዲህ ስሚኝ። አልጻፍሽም።

የጻፍሽው ይህን ነው፦ «አላውቅም። አንድም ኪኒን አላውቅም። ገና አልጀመርኩም። የሰጧትን ሐኪም ሳትጠይቅ ምንም እንዳትነካ ይንገሩልኝ፣ እባክዎ።» ጆንግፒል ጥርት አድርጎ አነበበልኝ። ጆሮዬም ደህና ነው። አጣጥፌ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩትና ወደ አዳራሹ ሄድኩ። እትዬ ቦንግ ከበሩ ጀምራ «መልሱ መጣ ወይ?» ትላለች። ያንግ ተቀምጧል። ሰባት ስምንት ሰው ካርታውን አቁሞ ያየኛል። ያን ያህል ርዝመት ያለው ባነር ደጅ ተሰቅሎ እኔ ምን ልበል? አላውቅም ብላለች ልበል?

በፀደይ የጤና ኬላዋ ነርስ የእኔን ኪኒን በምላጭ ለሁለት ከፍላልኝ ነበር። ግማሹን መዋጥ ከጀመርኩ ወዲህ ማዞሩ ተወኝ። እና «ግማሹን ትዋጥ ብላለች» አልኩ። በዚህ አፌ። ጆንግፒል አጠገቤ ካርታ ያድል ነበር። አሳለው፣ ከዚያ ማደሉን ቀጠለ። ይህን ጻፍ አልኩት። እጁ ቆሟል። ጻፍ፣ ጆንግፒል! የእኔ ስም ባለበት የአንተም ይግባበት።

ጻፈ።

ግማሽ ምን ማለት እንደሆነ እንኳን አላሰብኩም። የእኔ ኪኒን አንድ ነው፣ የእሷ እሽግ ግን አራት ዓይነት ነው። እትዬ ቦንግ የአራት ግማሽ ሁለት ነው ብላ በየጠዋቱ ሁለቱን ነጮች በድመቷ ሳህን ጥግ ታስቀምጥ ነበር፤ ቢጫና ሮዝ ደስ ይላታል፣ እነሱን ዋጠች። ሐኪሙ ለልጇ እንደነገረው ከነጮቹ አንዱ የደም ግፊቷ ነበር፣ አንዱ ደም ማቅጠኛዋ ነበር። የዋጠችው የጨጓራዋንና የመገጣጠሚያዋን ነው። ሐምሌ 9 በርበሬ ማሳው ውስጥ ወደቀች። ያንግ ነው ያገኛት። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ግራ እጇ እምቢ አለ። ከተማ ልጇ ዘንድ ሄዳለች ያልኩሽ፣ ሆስፒታል ነበረች። ባነሩን ያወረደው ልጇ ነው፤ በመኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ በጥርሱ ገመዱን ሲበጥስ አይቻለሁ። ልከለክለው አልወጣሁም።

እንዳትደነግጪ፣ በሕይወት አለች። ከትናንት ጀምሮ ቤቷ ናት። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ልጇ ከኋላዋ ቆሟል። ይህን እየተናገርኩ መሃል ላይ ልቀመጥ አልኩ። እሷ በዚያ በጠመመ አፏ «ጋሼ ፓንሶክ፣ ሳይጨርሱ አይቀመጡም» አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቆምኩ።

ልጇ «ለምን ዋሹ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ አሁን፣ ሰው ፊት። «አላውቅም» አልኩት። እስከ ዛሬ ይህን ቃል ስናገር የሰማኝ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ያንግ እንኳን ቀና ብሎ አየኝ። ካወጣሁት በኋላ ያሰብኩትን ያህል አልከበደኝም፤ ያንቺን መልስ ግንቦት ላይ እንደ ውርደት ቆጥሬ ሳጥን ውስጥ መክተቴ ነው የከበደኝ። መንደሩ ሙሉ «ፋርማሲስት ናት» ሲልሽ፣ አላውቅም ያልሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

አሁንም ብዙ ነገር አልገባኝም። ለምን ኳስ ከግንብ እንደሚወረውሩብሽ አልገባኝም። ለምን ከዩኒቨርሲቲ ወጥተሽ ዩኒቨርሲቲ እንደምትገቢ አልገባኝም። ከአራት ዓመት በኋላ ምን ሆነሽ እንደምትወጪም በደንብ አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ለይቼ አውቃለሁ፤ የእትዬ ቦንግ እጅ የእኔ ጥፋት ነው። ያንቺ አይደለም። ከዚያ ውስጥ ቅንጣት አታንሺ፣ የእኔ ነው፣ አላካፍልሽም።

የግንቦቱን ደብዳቤሽን ራሱን እዚህ ውስጥ አጣጥፌ ልኬልሻለሁ። የራስሽን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ፣ እኔን ማመን የለብሽም። ቀኑም ከላይ ተጽፏል አሉኝ። ያንግ ይህን ዛሬውኑ በሞተር ከተማ አድርሶ በፈጣን ፖስታ ይልከዋል። ፈተናው እሁድ 21 ነው፤ ጊዜ አለ። ልብስሽን ከሻንጣው አውጪ። መፈተን ካልፈለግሽ አትፈተኚ፣ ሰውነትሽ ያንቺ ነው፤ ግን በእኔ ውሸት ምክንያት አይሁን። ብትወድቂም ይምጡ ብለሽ ጥሪኝ፣ በአውቶቡስ መጥቼ አመጣሻለሁ፤ አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አይጠይቅሽም፣ ሁሉም እዚሁ እየሰሙኝ ነው።

የእትዬ ቦንግ ልጅ ወደ ቢሮው ደውሎ ይቅርታ ይጠይቅሽ ዘንድ ለመንኩት። «ይህ ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ መጻፉን መጀመሪያ ልስማ» አለ። አልፈረድኩበትም።

ጆንግፒል፣ ጨረስክ? እንግዲህ ተነስና ጮክ ብለህ አንብበው። ለእኔ ጆሮ ብቻ አይደለም፣ በሩ ጋ ያሉትም ይስሙ። ከላይ ጀምር፣ ስምህ ያለበትንም እንዳትዘል፤ ሶሪም «አላውቅም፣ ገና አልጀመርኩም» ያለችው ጋ ስትደርስ ሁለቴ አንብበው።